የሰላምታው ጎተራ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የሰው ደብዳቤ መጠበቅ ነበር።

ስንዱ፣ ጥያቄሽን አልሸሸሁም። ጣትሽን ከዚያ ቁልፍ ላይ አንሺና ቁጭ በይ። ይህ የገበሬዎች ዩኒየን አሥራ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሲያጠራቅም ኖሯል፤ አንድ የበር ዘበኛ ምሳሌውን እስኪጨርስ ቢታገሥ ጣራው አይወርድበትም።

በመጀመሪያ ጥያቄሽን እንደ ገባኝ ልድገመው። ይህ ኮምፒውተር አርጅቷል፤ ሥዕል አይችልም፣ ቀለም አይችልም፣ ሲከፈት እንኳ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ የሚደረድር የኢሜይል ፕሮግራም ጫንሽበት። ፕሮግራሙ ካልነገሩት የሚያውቀው ነገር የለም። የቱን ደብዳቤ የት እንደሚያኖር፣ ከደብዳቤውም የቱን እንደሚያሳይ፣ አንድ ፋይል ላይ መስመር በመስመር በእጅሽ እየጻፍሽ ሦስት ሳምንት ከረምሽ። አሁን ደግሞ ማኖሪያው ሞላ። ከዩኒየኑ አርባ አባል ማኅበራት የሚመጣው ኢሜይል ከላዩ አንድ ክንድ ራስጌ አለው፤ ከማን ተነሣ፣ ለማን ተላከ፣ ግልባጩ ለማን ሆነ፣ በየት አለፈ፣ በስንት ሰዓት ደረሰ ይላል። ቀጥሎ ሰላምታ አለ። ቀጥሎ የምስር ፍሬ የምታክል ጉዳይ አለች። ከሥሯ ያለፈው ደብዳቤ ሁሉ እንደገና ተቀድቶ ይጎተታል። አንቺም ራሱንና ጅራቱን ቆርጦ ጉዳዩን ብቻ የሚያስቀር ማዘዣ ጻፍሽ። ቁልፉን ልትጫኚ ስትይ በመስኮት አየሽኝና «ጋሽ አያልቅበት፣ ልጫነው ወይስ ልተወው?» አልሽኝ።

ደክሞሽ ነው እንጂ እኔን አትጠይቂም ነበር። ሰው ሰርግ ቤት ለማሳቅ የሚጠራውን ሰው ስለ ኮምፒውተር የሚጠይቀው ከሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ ነው። እኔም ደክሞኛል፤ ከጠዋት ጀምሮ በር ስከፍትና ስዘጋ ውያለሁ፤ በሩም ሰልችቶታል። እንግዲህ ሁለት ደካሞች ስለ አንድ ደካማ ሰው እናውራ።

ሰውየው የሚኖረው ወንዝ ዳር ባለች የገበያ ከተማ ነበር። በዚያ አገር ማንበብና መጻፍ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ደብዳቤ በወር አንድ ጊዜ በጭነት መኪና፣ በጆንያ ይመጣል። የደብዳቤው ባለቤት ይጠራል፣ ሰውየው ያነብለታል፣ ባለቤቱ ያለቅሳል ወይም ይስቃል፣ ከዚያ ደብዳቤውን እዚያው ትቶለት ይሄዳል። የገበሬ ጣራ ያፈሳል፤ አይጡም ወረቀት ይወዳል። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ደብዳቤ ያለ አንባቢ ምን ያደርግለታል? ሲናፍቀው ተመልሶ መጥቶ «እስቲ ያቺን የግንቦቷን ድገምልኝ» ይላል። ሰውየውም ፈልጎ ይደግምለታል። ያገሩ ልማድ ይህ ነበር።

በአሥራ ሁለት ዓመት ቤቱ ሞላ። ሞላ ስልሽ በመጠኑ እንዳይመስልሽ። ሰውየው ቆሞ ነው የሚተኛው። ሚስቱ ወደ ምድጃዋ የምትሄደው በየካቲትና በመጋቢት ደብዳቤዎች መካከል በጎኗ እየሾለከች ነው። አማቱ ለጥየቃ መጥታ የሐምሌው ክምር ተናደባትና በስምንተኛው ቀን ተቆፍራ ወጣች፤ ስትወጣ ማንበብ ሳትችል የአገሩን ምሥጢር ሁሉ በቃሏ ታውቅ ነበር። ይህን ያላመነኝ ሰው አማት የሌለው ነው።

ሰውየው መላ መታ። ደብዳቤዎቹን ሁሉ ጫፍ ለጫፍ በመርፌ ሰፍቶ አንድ ጥቅልል አደረጋቸው። ተጠቅልሎ ሲቀመጥ እውነትም ቦታ አይፈጅም፤ የወፍጮ ድንጋይ ያክላል። ነገር ግን የአንዲት ሴት የግንቦት ደብዳቤ ሲፈለግ ከመስከረም ጀምሮ መተርተር አለበት። ሲተረተር ከደጃፉ ተነሥቶ ወንዙን ይሻገርና ማዶ ያለ ሰው አጥር ላይ ያርፋል። ከወዲህ እየተነበበ ከወዲያ አዲስ ቢሰፋበት ይወሳሰባል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሲያስነብብ አገሩ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። አንድ ቀን ፍየል መሀሉን በላች። የበላችው አንድ ክንድ ነው፤ ግን ሁሉም የተበላው የኔ ነው ብሎ ፍየሏን ሊከስ ዳኛ ዘንድ ሄደ። ዳኛውም የራሱ ደብዳቤ ስለነበረበት ፍየሏን አሰራት።

ሁለተኛው መላ ይሻላል። ጥቅልሉን ፈታና እያንዳንዱን ደብዳቤ ለብቻው በቃጫ ገመድ አንጠለጠለ፤ ያልተነበበውን በግራ፣ የተነበበውን በቀኝ። አንብቦ ሲጨርስ ከግራ ያነሣና በቀኝ ይሰቅላል። ፍየል ብትመጣ አንድ ትበላለች እንጂ አገር አትበላም።

ምን አልሽ? አዎ፣ አንቺም በመጀመሪያው ሳምንት ይህንኑ አድርገሻል። ኢሜይሉን ሁሉ በአንድ ግዙፍ ፋይል መጠቅጠቁን ትተሽ እያንዳንዱን በየራሱ ፋይል አኑረሻል፤ አዲሱን በአንድ በኩል፣ የተነበበውን በሌላ። ስትነግሪኝ ያንቀላፋሁ መስሎሽ ነበር። እስከዚህ ድረስ እሱም አንቺም ልክ ናችሁ።

ግን ቤቱ አሁንም ጠባብ ነው። ሰውየውንም ከቤቱ ጥበት ይልቅ ሌላ ነገር አደከመው። ሰላምታ።

የዚያን ዘመን ደብዳቤ ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። «ለውድና ለተከበርሽው እናቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፣ እንደምን ሰንብተሻል፣ ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል፣ እኔ የፈጣሪ ቸርነት አይለየንና ከናፍቆትሽ በስተቀር ደኅና ነኝ» ብሎ ይነሣል። ከዚያ ሰላም ባዩ ይሰለፋል። እገሌ ሰላም ይልሻል፣ እገሊትም ሰላም ትልሻለች፣ አብሮኝ የሚያድረው ልጅ ባያውቅሽም ሰላም ይልሻል። እንዲህ እያለ ወረቀቱን ሲያዳርስ፣ ግርጌው ላይ በጭንቅ የተረፈች አንዲት መስመር «ጫማ ላኪልኝ» ትላለች።

በቀን መቶ ሰላምታ የሚያነብ ሰው ራሱ ሰላም የለውም። መንጋጋው ላላ። ድምፁ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጥጥ ይል ጀመር። ነገሩ ቤቱ ድረስ ገባ፤ ሚስቱን ምሳ አቅርቢ ለማለት «ለውድና ለተከበርሽው ባለቤቴ» ብሎ ይጀምርና ምሳው ላይ እስኪደርስ ሌላ ሰው ይበላዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመስከረም ጆንያ ደርሶ፣ ተቀምጦ አየው። ጆንያው ከሱ ይበልጣል። አልተናደደም፤ መናደድም ጉልበት ይጠይቃል። ተነሥቶ ቢላ ሳለ።

ካሉት ሰላምታዎች ሁሉ የሚያምረውን መረጠና በትልቅ ፊደል ገልብጦ በሩ ላይ ሰቀለው፤ የሁሉም ይህ ነው አለ። ከዚያ የአዲሱንም የአሮጌውንም ደብዳቤ ሰላምታ ሳያነብ ከአንገቱ ቆረጠ፤ ግርጌዋን ጉዳይ ብቻ መልሶ አንጠለጠለ። የተቆረጠውን ግን አላቃጠለም፤ የእግዚአብሔር ስም ያለበት ወረቀት ምድጃ አይገባምና። ጓሮው ባዶ ጎተራ ነበረው፤ እዚያ ከተተው።

ቤቱ ሰፋ። ሰውየው ከስንት ዓመት በኋላ ተንጋሎ ተኛ። ሚስቱ ፊት ለፊት መራመድ እንደ አዲስ ተማረች። አማቱም ተመልሳ መጣች፤ ይህን ከጉዳቱ የሚቆጥሩት አሉ። ደብዳቤ የሚያስነብብ ሰው ሲመጣ፣ ሰውየው ዓይኑን ወደ በሩ ወርወር አድርጎ የተሰቀለውን ሰላምታ ባንድ ትንፋሽ ይወጣዋል፤ «ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ሰላም ይላችኋል» ብሎ ይዘጋና ጉዳዩን ያነባል። የሦስት ቀን ሥራ እስከ ምሳ ያልቃል።

አንድ ሽማግሌ ብቻ «ልጄ፣ ሰላምታው ቀዘቀዘብኝ» አለው።

«ሰላምታ ሰላምታ ነው አባባ» አለው ሰውየው። ሽማግሌውም በድካም የተነገረ ነገር እውነት ስለሚመስል አምኖ ሄደ።

በዚያው አገር ባል የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ሁለት ልጆቿ የሰሊጥ አጨዳ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርደዋል። ታላቁ እዚያ ሆኖ መጻፍ ተምሯል፤ ታናሹ አይችልም። መጻፍ የማይችል ሰው ቃሉ የሚገባው በሰላምታው ውስጥ ነው። ታላቁ በየደብዳቤው «ታናሼ ሰላም ይልሻል፤ የቡሬን ግንባር ሳሚልኝ ይላል» እያለ ይጽፋል። ቡሬ ላሟ ናት፤ ጥጃ ሳለች ልጁ ነው አቅፎ ያሳደጋት። እናትየው ይህን ሰምታ ቤቷ ትሄድና ላሟን ትስማለች። ላሟ ከመልመዷ የተነሣ ደብዳቤ በመጣ ቀን ግንባሯን ደቅና በር ላይ ትጠብቃለች። የጭነት መኪናውን ድምፅ ከሌላ መኪና ትለያለች የሚሉም ነበሩ፤ እኔ ነኝ የምለው።

ለታናሹ ልጅ እናቱ ሚስት አጭታለታለች። የልጅቱ ወገኖች «ልጁ ራሱ እሺ ይበል፤ እስከ ጥምቀት ቃሉን ካላመጣሽልን ሌላ ጠያቂ አለን» ብለዋታል። እሷም ለልጆቿ አስጽፋ ጠየቀች። በጥቅምት መልስ መጣ፣ በኅዳር መጣ፣ በታኅሣሥ መጣ። ሰውየው ሦስቱንም ጊዜ የበሩን ሰላምታ ወጣላትና ጉዳዩን አነበበላት። የጥቅምቱ «ላሟን አትሽጪ» ይላል። የኅዳሩ «ለሰርጉ አትቸኩሉ» ይላል። የታኅሣሡ «አዝመራው ሲያልቅ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አክስቶቼ አንቺ ዘንድ ይደሩ» ይላል።

ጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀረው ሴትዮዋ መጣች።

«የኔ ጌታ፣ ልጄ እሺ ብሏል ወይስ አላለም?»

«እሱን የሚል የለበትም እናቴ።»

«ቡሬን ሳሚልኝስ አላለም?»

«አላለም።»

«ሦስት ወር ሙሉ? ላሟ እንኳ አኩርፋለች።» ትንሽ አሰበችና «እስቲ ሰላምታውን ከልጄ ወረቀት ላይ አንብብልኝ፤ ከበርህ ላይ አይደለም» አለችው።

«ያው ነው እኮ።»

«ያው ከሆነ ማንበቡ ምን ገደለህ?»

ሰውየው አንድ ነገር ትዝ አለውና ተቀመጠ።

ስንዱ፣ በዚያ አገር ሞት በደብዳቤ አይላክም። እናት ዘንድ «ልጅሽ ሞተ» የሚል ወረቀት መላክ ነውር ነው። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰው ዙሪያዋን ይዟት ነው። ስለዚህ ሩቅ አገር ያለ ሰው ምን ያደርጋል? የሞተውን ሰው ስም ከሰላም ባዮች መካከል ያስቀረዋል። ሌላ ምንም አይጽፍም። አንባቢው ስሙ እንደ ጎደለ ያያል፣ ለባለደብዳቤዋ ምንም ሳይል አንብቦ ይጨርሳል፣ ማታውን ለሽማግሌዎች ሹክ ይላል። የአንባቢ ትልቁ አደራ ይህ ነበር። ሰውየውም ያውቀዋል፤ አባቱም ያውቀው ነበር። ደክሞት ነው የረሳው። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰላምታ ደግሞ ማንንም አያስቀርም፤ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ሰላም ይላል።

የታኅሣሡ ጉዳይ ትዝ አለው፤ አክስቶቼ አንቺ ዘንድ ይደሩ። እንዲህ ዓይነቱን ቃል ሰው ያለ ነገር አይጽፍም።

«ነይ እንፈልገው» አላት።

ጎተራው ሞልቶ ክዳኑን ተሸክሞ ቆሟል። አንገቱ የተቆረጠ ሰላምታ ባለቤቱን አያውቅም። ሁሉም «ውድ እናቴ» ይላል፤ ባገሩ ውድ እናት ያልሆነች ማን አለች? ስለዚህ ሰውየው አንድ በአንድ እያወጣ ጮክ ብሎ ሊያነብ፣ ሴትዮዋ ደግሞ እየሰማች «የኔ አይደለም» ልትል ሆነ። ያ ሰላምታ ማንበብ የደከመው ሰው ጎተራው ሥር ተቀመጠና ከአንድ ወር ሰላምታ ሊያርፍ ሲል የአሥራ ሁለት ዓመቱን ጀመረ።

«ለውድና ለተከበርሽው እናቴ…»

«የኔ አይደለም።»

«ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል…»

«የኔ አይደለም። ይሄ እንዲያውም ምቀኛ ድምፅ አለው።»

አንድ ቀን እንዲህ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ወሬው ተሰማና አገሩ አጥሩን ከቦ ቆመ፤ ሰላምታው ምን ይዞ እንደ ተቆረጠበት የሚያውቅ አልነበረም። ባለሱቁ ሁለት ልጅ ብቻ አለኝ ሲል «ሦስተኛ ልጅህም ሰላም ይልሃል» የሚል ተነበበና ሚስቱ ከአጥሩ ማዶ አየችው። ሱቁ ለሳምንት ተዘጋ። ሌላ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወንድሜ ዘንድሮም ሰላም አላለኝም ብለው የጋራ ድንበራቸውን በእሾህ ያጠሩ። ከመስከረሙም፣ ከጥቅምቱም፣ ከኅዳሩም «ወንድሜን ይቅር በለኝ በሉልኝ» የሚል ሰላምታ ወጣ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ። እሾሁ ሲነቀል እስከ ጎተራው ድረስ ይሰማ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ የሰውየው ድምፅ ጠፍቶ ውኃ እንደ ጎደለበት እንስራ ይነፍስ ጀመር። አንድ ቁራጭ አወጣ። ጀመረው፤ እንደምን ከርመሻል፣ እንደምን ሰንብተሻል፣ ከዚያ፦

«…ታናሼ ሰላም ይልሻል። ስለ ልጅቱ ነግሬው አፍሮ ሣቀ፤ ቆይቶ እሺ ብሏል በይልኝ አለ። ለሰርጉ ብለሽ ላሟን አትሽጪ፣ የቡሬን ግንባር ሳሚልኝ ይላል።»

የጥቅምቱ ነው። ሴትዮዋ እልል አለች። አጥሩም ከሷ ጋር እልል አለ። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«የኔ ጌታ፣ ዕድሜ ይስጥህ። የፈለግኩት ይህን ነው። አሁን ለልጅቱ ወገኖች ቃሌን ላድርስ፤ ጥምቀት ገና ነው።»

እዚህ ላይ ስንዱ፣ ሰውየው ዝም ቢል ዝም ነው። ሴትዮዋ የፈለገችውን አግኝታለች። አገሩ አጨብጭቦለታል። እሱ ድምፁ ጠፍቷል፣ ጎኑ ተላልጧል፣ ጎተራው ገና ግማሽ ነው። «ሂጂ እናቴ» ብሎ ጋደም ቢል የሚከሰው የለም። ሴትዮዋም ደስ ብሏት ሁለት ሦስት ሳምንት ትኖር ነበር፤ ጠላ ትጠምቅ ነበር፣ ዳስ ታስጥል ነበር። በሕይወቱ ሁሉ እንደዚያች ቀን ዕረፍት ቀርቦለት አያውቅም።

«ቁጭ በይ እናቴ» አላት። «የኅዳሩና የታኅሣሡ አልወጣም።»

እሷም ምን እንዳሰበች አይታወቅም፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ነጠላዋን አላወለቀችም።

ከሰዓት በኋላ የኅዳሩ ወጣ። «ታናሼ ከተኛበት ሆኖ ሰላም ይልሻል። ወባው በርትቶበታል፤ ድምፅሽ ናፍቆታል።» ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የታኅሣሡ ወጣ። ረጅም ነበር፤ ሰላም ባዮቹን ሴትዮዋ ካለፈው ዓመት ደብዳቤ ታውቃቸዋለች። የአሠሪው ጠባቂ ሰላም ይልሻል፤ አብሮን የሚያጭደው ጎረምሳ ሰላም ይልሻል፤ እንጀራ የምትሸጥልን ሴትዮ ሰላም ትልሻለች፤ እኔም ልጅሽ ሰላም እልሻለሁ። እዚያ ላይ ወረቀቱ አለቀ፤ ቀጥሎ ያለው የቢላው ጠርዝ ነው።

«ቀጥል» አለችው።

«አልቋል።»

«ቡሬንስ?»

ሰውየው ወረቀቱን ጭኑ ላይ አኖረው። እሷም ቀና ብላ ወደ አጥሩ አየች። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ አየች። መርዶዋ በጠራራ ፀሐይ፣ በጎተራ ሥር፣ ማንም ሳይነግራት ደረሰ።

አልጮኸችም፤ ጩኸቱ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ያለችው አንድ ቃል ነው፤ እሱንም ለሰውየው በዝግታ ነው ያለችው።

«ኅዳር ላይ ብሰማ ቆላ የሚወርድ እግር ነበረኝ።»

ይህን ብላ ቤቷ ሄደች። ላሟ ግንባሯን ደቅና በር ላይ ቆማ ነበር አሉ። ሳመቻት። የጥቅምቱን ሰላምታ አደረሰች።

ሰውየው ከዚያ ቀን በኋላ ቢላ አልያዘም፤ መርፌ ያዘ። የተቆረጠውን ሰላምታ ከጉዳዩ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ እያስተያየ መልሶ ይሰፋ ነበር። ሲሰፋ አረጀ። ገጣሚ ያጣውን ሰላምታ ደግሞ ለብቻው አንጠለጠለው፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ «የኔ ይሆን?» እያለ እንዲሰማው። አዲስ ደብዳቤ ሲመጣለት ግን ሙሉውን ካነበበ በኋላ ሰላምታውን ወደ ኋላ ያጥፈውና ጉዳዩን ብቻ ከፊት አድርጎ ይሰቅለዋል። የታጠፈ ደብዳቤ የሚይዘው ቦታ የተቆረጠውን ያህል ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ጣት ብቻ ይበቃው ነበር። ማጠፍ እንደሚቻል የታየው ከቆረጠ በኋላ ነው።

እንግዲህ ስንዱ፣ አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

ያ ጥቁር ገጽሽ የሰውየው ቤት ነው። ማዘዣ የምትጽፊበት ፋይል እጁ ነው። ራስጌው ዓይንሽን ካደከመው፣ ፕሮግራሙን አታሳየኝ በይው፤ ማሳየትና ማኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብለሽ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። ሲያስፈልግሽ አንድ ቁልፍ ነክተሽ ሙሉውን ታዪዋለሽ፤ ይህ ማጠፍ ነው። ያለፉትን ዓመታት ጠቅልለሽ ጭመቂያቸው፤ ብቻ ሲፈታ ደብዳቤው አንድ ፊደል እንዳይጎድልበት አድርጊ፣ ይህም ማጠፍ ነው። አንዱ ማስታወቂያ ለአርባ ማኅበር ሄዶ አርባ ጊዜ ተመልሶ እንደሆነ፣ አንዱን ከአንዱ ጋር አስተያይተሽ ፊደል በፊደል ያው ከሆነ አንዱን አስቀምጪ፤ ሠላሳ ዘጠኙ ወደ እሱ ይጠቁሙ። ነገር ግን ያው የሚመስለውን ያው ነው አትበይ። ያ ሰው የወደቀው «ያው ነው እኮ» ሲል ነው።

አንድ ማኅበር ነገ መጥቶ ማዳበሪያው ዘግይቶ ተነገረን ቢል፣ ሰዓቱ ያለው ጉዳዩ ላይ አይደለም፤ ራስጌው ላይ ነው። ከግልባጩ ዝርዝር የአንድ ሊቀመንበር ስም ካለፈው ወር ጀምሮ ቢጎድል፣ ምን እንደ ሆነ የምትጠይቂው ዝርዝሩ ካለ ነው። የጎደለ ስም የሚታየው ሙሉ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው።

ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ቢላ የሚሳለው በክፋት አይደለም፤ በድካም ነው። የደከመው ሰው ማዘዝ ይችላል፣ መቁረጥም ይችላል፤ ዓይኑ ግን የሚቆርጠውን አያነብም። ስለዚህ ዛሬ ሂጂ ተኚ። ጎተራው ነገም ሞልቶ ይጠብቅሻል፤ ጎተራ አይኮበልልም።

ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ ቁልፉም ቢላው ነው። በሁለታችሁ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው። እሱ ቢላውን ሲስል ማንንም አልጠየቀም፤ አንቺ የበር ዘበኛውን እንኳ ጠየቅሽ።